ሣቅን መቁጠር፦ የዳታ ትንተና ስለ አስቂኝ ፊልም ስኬት ምን ይነግረናል?

 

ዛሬ የማነሳው ጥያቄ አጭር ነው። አንድን አስቂኝ ፊልም ለስኬት የሚያበቃው ምንድን ነው? ደራሲዎች፣ ዳይሬክተሮችና ገንዘብ አውጪዎች ይህን ጥያቄ ሲኒማ ከተወለደ ጀምሮ ሲያብሰለስሉት ኖረዋል። ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ደግሞ የዳታ ተንታኞችም ይዘውታል። የፊልሞች በጀት፣ የሳምንት ገቢ፣ የተዋንያን ዝርዝር፣ ተመልካች የሰጠው ነጥብ፣ ይህ ሁሉ ዛሬ ኮምፒውተር ያለው ተማሪ በቀላሉ የሚያገኘው መረጃ ሆኗል። መረጃው ሲበዛ ምኞቱም አብሮ አደገ፤ የስኬትን ቀመር ከቁጥር ውስጥ አውጥተን ለደራሲው እንስጠው የሚሉ በዙ።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ቁጥር ለኮሜዲ ትልቅ ጥቅም እንደሚሰጥ አምናለሁ። ጥቅሙ ግን ተመልካቹን በትክክል ለማዳመጥ እንጂ ደራሲው ምን እንደሚጽፍ ለማዘዝ አይደለም። ይህን ለማስረዳት ንግግሬን በአራት ከፍዬዋለሁ። በመጀመሪያ ስኬት የምንለውን ነገር እንመረምራለን። ቀጥለን የፊልም መዝገብ ተንታኙን የሚያሳስትባቸውን መንገዶች እናያለን። በሦስተኛው ክፍል ሣቅን ራሱን ለመለካት ወደሞከሩ ሰዎች እንሄዳለን። በአራተኛው የሰው ጣዕምና ባህል ሲለያይ ትንተናው የሚገጥመውን ፈተና እናነሳለን። በመጨረሻም ይህ ሁሉ ለአገራችን የፊልም ሥራ ምን ይጠቅማል የሚለውን ተነጋግረን እንለያያለን።

ከስኬት ልጀምር። ሁለት የአሜሪካ ፊልሞችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የመጀመሪያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 የወጣው «ኢቫን ኦልማይቲ» ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ጂም ኬሪ የተወነበት «ብሩስ ኦልማይቲ» በዓለም ዙሪያ ከ480 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ስለነበር፣ ለተከታዩ 175 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣበት። ለአስቂኝ ፊልም ይህ ያልተለመደ ወጪ ነበር። ዋናው ተዋናይ ስቲቭ ካሬል በወቅቱ ስሙ የገነነ ነበር። ፊልሙ በተከፈተበት ቅዳሜና እሁድ 31 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቶ የሳምንቱ አንደኛ ሆነ። በመጨረሻ ከመላው ዓለም የሰበሰበው ግን 173 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የማስታወቂያ ወጪም አለ። ስለዚህ ያ ሁሉ ገንዘብ ገብቶ ፊልሙ ከሰረ።

ሁለተኛው በ2002 የወጣው «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» ነው። ኒያ ቫርዳሎስ የራሷን ግሪካዊ ቤተሰብ ሕይወት መነሻ አድርጋ ብቻዋን መድረክ ላይ ትጫወተው ከነበረ ሥራ የተወለደ ፊልም ሲሆን፣ በጀቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በ108 ሲኒማ ቤቶች ብቻ ተከፍቶ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ያገኘው 600 ሺህ ዶላር እንኳ አልሞላም። ከዚያ በኋላም በአሜሪካ የሳምንት ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ እንኳ አንደኛ ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን ያየው ላላየው እየነገረ፣ ሲኒማ ቤቶቹም እየበዙ ሄደው፣ ፊልሙ ለወራት ከመድረክ ሳይወርድ ቆየ። በአሜሪካ 241 ሚሊዮን፣ በዓለም ዙሪያ ደግሞ ወደ 368 ሚሊዮን ዶላር አስገባ።

አሁን ሁለቱን በቁጥር እናነጻጽር። «ኢቫን ኦልማይቲ» በአሜሪካ ያገኘው ጠቅላላ ገቢ የመክፈቻ ገቢውን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የግሪኩ ሠርግ ፊልም ግን የመክፈቻ ገቢውን አራት መቶ እጥፍ አገኘ። በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ሪፖርት የጻፈ ተንታኝ አንደኛውን አሸናፊ፣ ሁለተኛውን ተሸናፊ ብሎ መዝግቦ ነበር ማለት ነው። ድግስ የሚመዘነው በር ላይ በተሰለፈው እንግዳ ሳይሆን፣ በልቶ የወጣው ሰው ለጎረቤቱ በሚያወራው ነው፤ አስቂኝ ፊልምም እንዲሁ ነው። የመክፈቻው ሳምንት የሚለካው የማስታወቂያውንና የተዋናዩን ስም ጉልበት ነው። ፊልሙ ማሳቅ አለማሳቁ የሚታወቀው ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው።

ሦስተኛ ዓይነት ስኬትም አለ። በ1999 የወጣው «ኦፊስ ስፔስ» በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ሲኒማ ቤት ያስገባው ከዚያ ብዙም ያልራቀ ነበር። ሰው የወደደው ዘግይቶ፣ በቪዲዮና በቴሌቪዥን ሲያየው ነው፤ ዛሬ የቢሮ ሕይወትን በሚያውቁ ሰዎች ዘንድ በፍቅር የሚጠቀስ ፊልም ሆኗል። እንግዲህ ጠቅላላ ገቢ፣ ከወጪ አንጻር የተገኘ ትርፍ፣ የቆይታ ጊዜና የዘለቀ ፍቅር አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማንኛውም ጥናት ከመጀመሩ በፊት ከእነዚህ የትኛውን እንደሚለካ በግልጽ መናገር አለበት። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ቆይታውን፣ ማለትም ጠቅላላው ገቢ ከመክፈቻው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየውን መለኪያ እመርጣለሁ፤ የተመልካቹ ድምፅ በግልጽ የሚሰማው እዚያ ላይ ነውና።

ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ። መለኪያችንን መረጥን እንበል። አሁን እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ፊልም፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ባሕርይ የሆነበት ትልቅ ሰንጠረዥ ከፊታችን አለ። በጀት፣ ርዝመት፣ የወጣበት ወር፣ የተዋናዩ ዝና፣ የታየባቸው ሲኒማ ቤቶች ብዛት ሁሉ ተመዝግቧል። ከዚህ ሰንጠረዥ ፊት የተቀመጠ ሰው የሚወድቅባቸው ወጥመዶች ብዙ ናቸው፤ እኔ አራቱን ብቻ አነሳለሁ።

አንደኛው የአማካይ ወጥመድ ነው። ለማስረዳት ያህል አሥር ፊልሞችን በሐሳባችን እንውሰድ። ዘጠኙ ሁለት ሁለት ሚሊዮን አስገቡ፤ አንዱ ብቻውን 182 ሚሊዮን አስገባ። አማካዩ 20 ሚሊዮን ነው፤ ይህን 20 ሚሊዮን ግን ከአሥሩ አንዱም አላገኘውም። የፊልም ገበያ እንዲህ ዓይነት ጠባይ አለው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ አርተር ዴ ቫኒና ዴቪድ ዎልስ በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከ2 ሺህ በላይ ፊልሞችን መርምረው ይህንኑ አሳዩ። ጥቂት ፊልሞች አብዛኛውን ገቢ ይወስዳሉ፤ አማካዩ ስለ ቀጣዩ ፊልም የሚነግረን እምብዛም የለም፤ ታዋቂ ተዋናይ መቅጠርም ከኪሳራ አያድንም። የስክሪፕት ጸሐፊው ዊልያም ጎልድማን በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የትኛው ፊልም እንደሚሳካ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው በኢንዱስትሪው ውስጥ እንደሌለ በድፍረት ጽፎ ነበር። ሁለቱ ምሁራን የጎልድማንን ልምድ በቁጥር አጸኑለት ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው መንስኤን ከውጤት የማምታታት ወጥመድ ነው። በብዙ ሲኒማ ቤቶች የታየ ፊልም ብዙ ገቢ አለው፤ ተዛምዶው ጠንካራ ነው። ነገር ግን አከፋፋዩ ብዙ ሲኒማ ቤት የሚሰጠው ያዋጣል ብሎ ለገመተው ፊልም ነው። የሲኒማ ቤቱ ብዛት የስኬቱ ምክንያት ነው ወይስ ስኬቱን አስቀድሞ የገመተ ሰው የተወው አሻራ? በታዋቂ ተዋናይም ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። ጥሩ ስክሪፕት መጀመሪያ የሚደርሰው ታዋቂ ተዋንያን እጅ ነው። ስለዚህ የስክሪፕቱን ጥንካሬ ለተዋናዩ ስም እየቆጠርንለት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የተሳኩትን ብቻ የማየት ወጥመድ ነው። አንድ ሰው ሃምሳ ተወዳጅ ኮሜዲዎችን ሰብስቦ ብዙዎቹ ውስጥ ሠርግ አለ፣ የተምታታ ማንነት አለ፣ ከከተማ ውጭ የሚደረግ ጉዞ አለ ብሎ ይጽፋል። የጻፈው እውነት ነው። ሆኖም ያልተሳኩትን ሃምሳ ቢሰበስብ እዚያም ሠርጉን፣ የተምታታውን ማንነትና ጉዞውን ያገኛቸዋል። አንድ ባሕርይ ለስኬት ያበቃል ለማለት በወደቁት ውስጥ መጥፋቱን ማየት ያስፈልጋል። የወደቁት ደግሞ ማንም መዝግቦ የማያስቀምጣቸው ናቸው። የተንታኝ ታማኝነት የሚፈተነው የተረሱትን ፊልሞች ፈልጎ ሰንጠረዡ ውስጥ ለማስገባት በሚያወጣው ጉልበት ነው።

አራተኛው የአጋጣሚ ወጥመድ ነው። መቶ ባሕርያትን አንድ በአንድ ብንፈትሽና ከመቶ አምስት የመሳሳት ዕድልን እሺ ብለን ብንቀበል፣ አንዳቸውም ከስኬት ጋር ባይገናኙ እንኳ አምስት ያህሉ የተገናኙ መስለው ይታያሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ሰንጠረዡን በዓመት ለሁለት መክፈል፣ ከቀደሙት ፊልሞች ያገኘነውን ግምት በኋለኞቹ ላይ መፈተን፣ ያላለፈውን ግምት መጣል። በዚህ ላይ ፊልሙ ከወጣ በኋላ ብቻ የሚታወቅ ነገር፣ ለምሳሌ የተመልካች ነጥብ ወይም ሽልማት፣ ትንቢቱ ውስጥ ሾልኮ እንዳይገባ መጠበቅ ያስፈልጋል። እንዲህ በተደረገ ጊዜ ቀመር ተብሎ የቀረበው ብዙው ነገር ይረግፋል። የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ ግን እውነት ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ተስፋ የሚያስቆርጥ መስሎ ከሆነ ሦስተኛው ክፍል የተለየ ነው። ኮሜዲ ከሌሎቹ የፊልም ዓይነቶች የሚለይበት ትልቅ ዕድል አለውና። ድራማ ያየ ሰው ምን እንደተሰማው ለማወቅ መጠየቅ አለብን። ኮሜዲ ያየ ሰው ግን ሳይጠየቅ፣ በሰከንዱ፣ በድምፅ ይመልሳል። ሣቅ ይቆጠራል፣ በሰዓት ይለካል፣ ከትዕይንቱ ጋር ጎን ለጎን ይመዘገባል።

ይህን የተረዱት ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው። በድምፅ አልባው ዘመን ኮሜዲያኑ ሃሮልድ ሎይድ ፊልሞቹን ከመውጣታቸው በፊት ለተራ ተመልካች እያሳየ፣ ሣቅ በጠፋበት ቦታ እየቆረጠና እንደገና እየቀረጸ ይሠራ ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የአሜሪካውያኑ ኮሜዲያን የማርክስ ወንድማማቾች ታሪክ ነው። በ1933 የሠሩት «ዳክ ሱፕ» የተጠበቀውን ያህል ገቢ ሳያመጣ ቀርቶ ከፓራማውንት ስቱዲዮ ተለያዩ። ኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ሲገቡ ፕሮዲዩሰሩ ኧርቪንግ ታልበርግ አንድ ሐሳብ አመጣ። «ኤ ናይት አት ዘ ኦፔራ» ከመቀረጹ በፊት ዋና ዋናዎቹ አስቂኝ ትዕይንቶች እንደ ቴአትር ተዘጋጅተው በምዕራብ አሜሪካ ከተሞች መድረክ ላይ እንዲታዩ አደረገ። ተመልካቹ የት እንደሳቀ፣ ሣቁም ምን ያህል እንደቆየ በሰዓት ተለካ። ያላሳቀው መስመር ተቀየረ። የሳቀው ተመልካች የሚቀጥለው ንግግር እንዳያመልጠው በፊልሙ ውስጥ ተመጣጣኝ ፋታ ተተወለት። ፊልሙ በ1935 ወጥቶ ትልቅ ስኬት ሆነ፤ በ1937 ለወጣው «ኤ ዴይ አት ዘ ሬስስም» ይኸው መንገድ ተደገመ።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ታልበርግ ቁጥሩን የተጠቀመው ቀልድ ለመፍጠር አልነበረም። ቀልዱን የፈጠሩት የስክሪፕቱ ጸሐፊዎች እነ ጆርጅ ኮፍማንና ሞሪ ሪስኪንድ፣ እንዲሁም ወንድማማቾቹ ራሳቸው ናቸው። ቁጥሩ የሠራው ከተፈጠረው ውስጥ የትኛው ተመልካች ዘንድ እንደደረሰ መለየት ነው። ለእኔ የዳታ ትንተና ትክክለኛ ቦታ ይህ ነው፤ ደራሲው ከጻፈ በኋላ፣ ፊልሙ ግን ከመጠናቀቁ በፊት።

የዘመኑ መሣሪያዎች ይህንኑ ሥራ በስፋት ይሠራሉ። በ2017 የዲዝኒ የምርምር ክፍል ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ አንድ 400 መቀመጫ ያለው አዳራሽ ውስጥ በጨለማ የሚያዩ ካሜራዎች ተክሎ፣ 9 ፊልሞች በ150 ዝግጅቶች ሲታዩ ከ3 ሺህ በላይ የሆኑ ተመልካቾችን ፊት መዘገበ። ኮምፒውተሩ ፈገግታንና ሣቅን ከፊት እንቅስቃሴ ለይቶ ተማረ፤ አንድን ሰው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ አይቶ በቀረው ፊልም ላይ ፊቱ ምን እንደሚመስል እስከ መገመት ደረሰ።

ነገር ግን ሣቅን መቁጠርም ወሰን አለው። በ2012 ሎቭፊልም የተባለው የብሪታንያ የፊልም ኪራይ ድርጅት ታዋቂ ኮሜዲዎች በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚያስቁ አስቆጥሮ ነበር። የ1980ው «ኤርፕሌን» በደቂቃ 3 ጊዜ በማሳቅ አንደኛ ወጣ፤ «ዘ ሃንግኦቨር» 2.4 ሆነ። ብሪታንያውያን እጅግ ከሚወዷቸው ኮሜዲዎች አንዱ የሆነው የሞንቲ ፓይተን የኮሜዲ ቡድን «ላይፍ ኦፍ ብራያን» ግን 1.2 ብቻ አገኘ። ብዙ ጊዜ ማሳቅና በጥልቀት መወደድ አንድ አይደሉም። አንዳንዱ ሣቅ ለሃያ ደቂቃ ሲዘጋጅ ቆይቶ አንድ ጊዜ የሚፈነዳ ነው፤ ቆጣሪው እንደ አንድ ይቆጥረዋል፤ ተመልካቹ ግን ዓመት ሙሉ ይዞት ይኖራል።

ሌላም ነገር አለ። ሣቅን ለብዙ ዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሮበርት ፕሮቫይን፣ ሰው ከሌሎች ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚሆንበት ጊዜ 30 እጥፍ ያህል አብልጦ እንደሚስቅ አሳይቷል። ስለዚህ በሞላ አዳራሽ የተለካ ሣቅ የፊልሙ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ወንበርም ድርሻ አለበት። ያው ፊልም በስልክ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ሲቀርብ ሌላ ፊልም ይሆናል። ከስልክ ተመልካች የተሰበሰበ ዳታ ስለ ሲኒማ ቤት፣ ከሲኒማ ቤት የተሰበሰበውም ስለ ስልክ ያለ ጥንቃቄ መናገር አይችልም።

አራተኛው ክፍል ስለ ጣዕም ልዩነት ነው። ኔትፍሊክስ በ2006 የተመልካቾችን ምርጫ የሚገምተውን ሥርዓቱን በ10 በመቶ ለሚያሻሽል ቡድን አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደሚሸልም አስታወቀ። 480 ሺህ ያህል ደንበኞች ለ17 ሺህ 770 ፊልሞች የሰጡት ከ100 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ለተወዳዳሪዎች ተለቀቀ። ሽልማቱ በ2009 አሸናፊ አገኘ። በዚያ ሁሉ ዓመት ለተወዳዳሪዎቹ እሾህ ሆኖ የቆየው አንድ ኮሜዲ ነበር፤ በ2004 የወጣው «ናፖሊዮን ዳይናማይት»። በ400 ሺህ ዶላር ተሠርቶ 46 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስገባ ፊልም ነው። ሰዎች አንድም አምስት ኮከብ ይሰጡታል፣ አንድም አንድ ኮከብ። በሌሎች ፊልሞች ላይ ፍጹም የሚስማሙ ሁለት ሰዎች በዚህ ላይ ይጣላሉ። የነጥቡ አማካይ ሦስት ቢሆን እንኳ፣ ሦስት የሰጠው ሰው ጥቂት ነው። ከዚህ የምንማረው ለኮሜዲ የአማካይ ነጥብ ደካማ መለኪያ መሆኑን ነው። መጠየቅ ያለበት ስንት ሰው ከልቡ ወደደው የሚለው ነው፤ ለጓደኛው የሚናገረው እሱ ነውና።

የባህል ልዩነት ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። በ2008 የወጣው የፈረንሳይ ኮሜዲ «ቢያንቬኑ ሼ ሌ ሽቲ» በአገሩ ከ20 ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጠ። ቀልዱ በሰሜኑ አካባቢ ሰዎች አነጋገርና የደቡቡ ሰው ስለ ሰሜን ባለው ግምት ላይ የቆመ ነው። ጣሊያኖች ፊልሙን በ2010 እንደገና ሲሠሩት አቅጣጫውን ገለበጡት፤ የሰሜኑን ሰው ወደ ደቡብ ላኩት፤ እነሱም ዘንድ ትልቅ ስኬት ሆነ። በሌላ በኩል የብሪታንያው ኮሜዲያን ሮዋን አትኪንሰን በ1997 የሠራው «ቢን» ንግግሩ ጥቂት፣ ቀልዱ በፊትና በአካል ስለሆነ ከ250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገቢው ውስጥ አምስት እጁን አራቱን ያገኘው ከአሜሪካ ውጭ ነው። በአንድ አገር መዝገብ የሠለጠነ ቀመር ድንበር ሲሻገር የሚሰናከለው ለዚህ ነው።

ይህ ወደ አገራችን ያመጣኛል። በአማርኛ ሲኒማ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» የሚለው ስም ከፖስተር ላይ የማይጠፋ፣ አዳራሽ የሚሞላ የፊልም ዓይነት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ የፊልም ዓይነት ለመማር የሆሊውድን ሰንጠረዥ መዋስ አይበቃም፤ የራሳችንን መክፈት አለብን። ለመጀመር የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። እያንዳንዱ ሲኒማ ቤት በየዝግጅቱ የተሸጠውን ትኬት በቀንና በሰዓት ቢመዘግብ፣ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ሳምንት ከመጀመሪያው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። አንድ ፕሮዲዩሰር ፊልሙን ከማስመረቁ በፊት ዘመድና ወዳጅ ላልሆነ ተመልካች አሳይቶ የአዳራሹን ድምፅ በስልክ ቢቀዳ፣ ማርክሶች በሰዓት የለኩትን በነጻ ያገኛል። ፊልማቸውን በዩቲዩብ የሚለቁ ደግሞ ተመልካች በየትኛው ደቂቃ ትቶ እንደሄደ፣ የትኛውን ቦታ ደጋግሞ እንዳየ የሚያሳየውን መስመር ማንበብ ይችላሉ፤ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭና በዱባይ ያለው ወገናችን የት ላይ እንደሚለያይ እዚያው ይታያል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ለማጠቃለል ያህል ለተለያዩ ሰዎች የተለያየ አደራ አለኝ። ለዳታ ተማሪዎች፤ የወደቁትን ፊልሞች መዝግቡ፣ ግምታችሁን ባላያችሁት መረጃ ላይ ፈትኑ። ለፕሮዲዩሰሮች፤ ቁጥሩን ደራሲውን ለማሰር ሳይሆን ተመልካቹን ለመስማት ተጠቀሙበት፤ የተለመደውን ብቻ የሚያዝ ቀመር «ናፖሊዮን ዳይናማይትንም» ሆነ የግሪኩን ሠርግ ገና ሳይወለዱ ይጥላቸው ነበር። ለሲኒማ ቤት ባለቤቶች፤ መዝገባችሁን ከደብተር አውጡና ለተመራማሪዎች ክፈቱ፤ ትርፉ ተመልሶ ወደ እናንተ ይመጣል። ለደራሲዎች ደግሞ፤ አዳራሹ ዝም ባለበት ቦታ ተመልካቹን አትውቀሱ፤ ቦታውን ምልክት አድርጉና እንደገና ጻፉ። ሰውን ማሳቅ ከባድና የተከበረ ሥራ ነው፤ የሚገባውን ያህል በጥንቃቄ ሊጠና ይገባዋል።